ሦስት ትውልድ ይዞ ወደ ሉሬይ ዋሻ፦ ለእናቴና ለልጆቼ የትኛው ጉብኝት ይሻላል?

እናት ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ከእኛ ጋር ትሰነብታለች። እስካሁን የሄደችው ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዘመድ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ከመመለሷ በፊት እርሷም ልጆቹም እኩል የሚደሰቱበት አንድ ቀን እንዲኖረን እፈልጋለሁ። ትልቋ ልጄ 13 ዓመቷ ሲሆን፣ በትምህርት ቤት ስለ ድንጋይ አፈጣጠር ከተማረች ወዲህ ሉሬይ ዋሻን ካላየሁ እያለች ትወተውተናለች። ትንሹ 4 ዓመቱ ነው፤ መብራት ካልበራለት አይተኛም። እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፤ ብርድ ሲነካት የሚነሣ አስምም አለባት።

በሸናንዶዋ ሸለቆ ዙሪያ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት ዋሻዎች መካከል እንዲህ ላለ ቤተሰብ የሚመቸው የትኛው ነው? በአስጎብኚ መመራት ይሻላል ወይስ በራስ እርምጃ መሄድ? ደግሞስ 70 ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷ የደከመ ሴት ከምድር በታች ገብታ በሰላም ትወጣለች? ልጆችና አረጋውያን ይዛችሁ የሄዳችሁ ሰዎች በዝርዝር ብትጽፉልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የሸለቆው ሾፌር

እኅቴ፣ እናትሽ እንኳን በሰላም ገቡ። ሥራዬ ቤተሰቦችንና እንግዶችን ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ተራራው ማመላለስ ስለሆነ በዚያ መስመር ያሉትን ዋሻዎች በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ለሦስት ትውልድ ዋሻ ሲመረጥ መለኪያው ከመካከላችሁ እርምጃው ከሁሉ የሚዘገየው ሰው ነው ባይ ነኝ፤ በእናንተ ዘንድ ያ ሰው እናትሽ ናቸው።

በዚህ መለኪያ ሉሬይ ይቀድማል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መግቢያው ደረጃ የሌለው ሆኖ ተሠርቷል፤ ውስጡም የተነጠፈ መንገድ አለው። ዙሪያው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሳይቸኩሉ ሲሄዱት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሆኖም ደረጃ ባይኖረውም ዳገትና ቁልቁለት አለው፤ አንዳንዱ ተዳፋት ለደከመ ጉልበት ከባድ ነው፤ ወለሉም ከላይ በሚወርደው ጠብታ ስለሚርስ ያዳልጣል። ስለዚህ ለእናትሽ ታችኛው ክፍሉ የማያንሸራትት ጫማ ግዢላቸው፤ ቁልቁለቱ ላይ ባለቤትሽ ከፊት፣ አንቺ ከጎን ሆናችሁ ሂዱ።

ከአሌክሳንድሪያ ይበልጥ የሚቀርባችሁ ፍሮንት ሮያል አጠገብ ያለው ስካይላይን ካቨርንስ ነው። እዚያ ጉብኝቱ በአስጎብኚ የሚመራ ሲሆን፣ ለሕፃናት ደግሞ ከዋሻው ውጭ የምትሄድ ትንሽ ባቡር አለችው። ዋሻው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ ከጣሪያው እንደ መርፌ የቀጠኑ ነጫጭ ክሪስታሎች በየአቅጣጫው ተበትነው የሚታዩበት ክፍል አለው፤ አንቶዳይት ይባላሉ፤ በዓለም ላይ በጥቂት ቦታዎች ብቻ የሚገኙ ናቸው። ትልቋ ልጅሽ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ወደዚያ እልክሽ ነበር፤ ነገር ግን ለመግባት ደረጃ መውረድ አለ፤ የወረዱትን ደረጃ ደግሞ መውጣት ግድ ነው። ራቅ ብሎ በሀይዌይ 81 መስመር ላይ የሚገኘው ሸናንዶዋ ካቨርንስ ሊፍት ያለው መሆኑ ለአረጋውያን ጥሩ ነው፤ መንገዱ ግን ለአንድ ቀን ይረዝምባችኋል።

ስለ አስጎብኚ ላነሣሽው ጥያቄ፣ ሉሬይ ውስጥ በአሁኑ ጊዜ ጎብኚው በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ አስጎብኚዎቹ በየቦታው ቆመው ያስረዳሉ፣ ጥያቄም ይመልሳሉ። ይህ ለእናትሽ መልካም ነው፤ ከቡድኑ ቀረሁ ብለው አይሳቀቁም። አሠራሩ ሊለዋወጥ ስለሚችል ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ።

መንገዱን በተመለከተ፣ በሀይዌይ 66 ወደ ምዕራብ እስከ ፍሮንት ሮያል ሄዳችሁ ከዚያ በመንገድ ቁጥር 340 ወደ ደቡብ ታጠፉ። በዋረንተንና በስፔሪቪል የሚያልፈው መንገድ ቁጥር 211 መልክዓ ምድሩ ውብ ቢሆንም ተራራው ላይ ጥምዝምዙ ይበዛል፤ ሕፃናትንም አረጋውያንንም ያቅለሸልሻል።

የሥነ ምድር መምህር

የልጅዎ ጉጉት እጅግ ደስ አሰኝቶኛል፤ በዚህ ዕድሜ የተተከለ ፍላጎት ብዙ ርቀት ይወስዳል። ወንድማችን ስለ መንገዱ የጻፈውን ሁሉ እስማማበታለሁ፤ እኔ ደግሞ ውስጥ ገብታችሁ ምን ማየት እንደሚገባችሁ ልጨምር።

ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ምሽት ለልጆቹ አንድ ነገር ብቻ አስረዷቸው። የዝናብ ውኃ በአየሩና በአፈሩ ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ሲሰርግም ድንጋዩን በጥቂት በጥቂቱ ያሟሟዋል። ያ ውኃ ዋሻው ጣሪያ ላይ ደርሶ ከአየር ጋር ሲገናኝ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ጋዙን ይለቅቃል፤ ጋዙ ሲወጣ ያሟሟውን ድንጋይ ተሸክሞ መቆየት ስለማይችል እንደ ቀለበት ክብ የሆነ እጅግ ስስ ንጣፍ ጣሪያው ላይ ትቶ ይወድቃል። ከላይ ወደ ታች የሚያድገው ስታላክታይት፣ ጠብታው ከወደቀበት ከወለሉ ወደ ላይ የሚያድገው ስታላግማይት ይባላል። ሁለቱ ሲገናኙ ምሰሶ ይሆናሉ።

ሉሬይ ሲደርሱ ልጅዎን ከአንድ ስታላክታይት ሥር አቁመው ጫፉን እንድትመለከት ያድርጉ። በጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ ለመውደቅ ጊዜ ትወስዳለች፤ ትወፍራለች፣ በመብራቱ ታበራለች፣ ከዚያ ትለቅቃለች። በሉሬይ የሚጠቀሰው የዕድገት መጠን በ120 ዓመት አንድ ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 16 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህን ለእናትዎ ሲያስረዱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጠራቀም የጀመረው ዛሬ የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክል ነው ይበሏቸው፤ ከዚያ በኋላ 14 ሜትር ከፍታ ያለውን ጥንድ ምሰሶ ሲያዩ ማንም ሳያስረዳቸው ይገባቸዋል።

የሕልም ሐይቅ በሚባለው ስፍራ ላይ ብዙ ቆዩ። ውኃው እጅግ የረጋ ስለሆነ በላዩ ያሉት ስታላክታይቶች በሙሉ ተገልብጠው ይታያሉ፤ ተመልካቹም ከእግሩ ሥር ሹል ድንጋይ የበቀለበት ጥልቅ ገደል ያለ ይመስለዋል። እውነተኛው ጥልቀት ቢበዛ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ጥልቀቱን ይገምቱ፣ መልሱን ከዚያ በኋላ ይንገሯቸው። ለትንሹ ደግሞ መጋረጃ መስለው የተጣጠፉት ስስ ድንጋዮችና የተሰበሩ ስታላግማይቶች ጉቶ የሆኑት ሁለቱ «የተጠበሱ እንቁላሎች» ደስ ይሉታል። ቀይና ቡናማ ሆኖ የሚታየው በብረት ኦክሳይድ የተቀባው ክፍል ነው፤ ካልሳይት የሚባለው፣ ጠብታው የሚያስቀምጠው ማዕድን ንጹሕ ሲሆን ነጭ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ምንም ዓይነት ድንጋይ በእጅ አይንኩ። የእጅ ቅባት ድንጋዩ ላይ ሲቀር ውኃው ንጣፉን ማስቀመጥ ስለሚሳነው ዕድገቱ ይገታል፣ መልኩም ይጠቁራል። ከዚህም በላይ በቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የዋሻ ጥበቃ ሕግ ስላለ መስበርና መውሰድ በወንጀል ያስቀጣል።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ አስሙና ስለ ጉልበቱ እኔ ልመልስ። ሉሬይ ውስጥ ያለው ሙቀት ክረምት ከበጋ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ እርጥበቱም ከፍተኛ ነው። ውጭው ሞቅ ባለበት ቀን ከፀሐይ ወደዚያ ሲገቡ የመጀመሪያው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ስለሚሆን፣ ብርድ አስማቸውን የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች በዚያች ቅጽበት ሊቸገሩ ይችላሉ። በር ላይ ጥቂት ቆመው አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ቀስ ብለው ይግቡ። የሚነፋው መድኃኒት መኪና ውስጥ በቀረ ቦርሳ ሳይሆን በራሳቸው ኪስ ውስጥ ይሁን። በቅርብ ሳምንታት ሕመሙ ተነሥቶባቸው ከሆነ ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይውሰዷቸው፤ ከዋሻው መካከል ወደ በር ለመመለስ ረጅም መንገድ ነው።

የሉሬይ አየር በራሱ የሚገርም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1901 የዋሻው ባለቤት ድርጅት ኃላፊ የነበረ ኖርዝኮት የሚባል ሰው ከዋሻው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሊምኤር የተባለ የሕመምተኞች ማረፊያ ሠርቶ፣ የዋሻውን ቀዝቃዛ አየር በጉድጓድና በማራገቢያ ወደ ክፍሎቹ ያስገባ ነበር። አየሩ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ የመተንፈሻ ሕመምን ይረዳል የሚል እምነት ነበራቸው። ይህን የምጽፈው እናትዎን ለመፈወስ ብላችሁ እንድትወስዷቸው አይደለም፤ ሲሄዱ ለመጨዋወቻ እንዲሆን ነው።

ሹራብ ከላይ ጋቢ ደርበው ቢገቡ ይበቃቸዋል። ጉልበታቸውን በተመለከተ ማሰሪያ ካላቸው ከመኪና ሳይወርዱ ይታሰር፤ ዳገት ላይ በየጥቂቱ መቆም አሳፋሪ እንዳልሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው። እናቶቻችን ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ሕመማቸውን ስለሚደብቁ፣ ደከመሽ ወይ ብሎ ከመጠየቅ ራስዎ ደክሞኛል ብለው መቆሙ ይሻላል።

የሥነ ምድር መምህር

ውድ እኅታችን ነርሷ የጻፉት ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ስለ ጋቢው ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለጎብኚ በተከፈቱ ዋሻዎች ውስጥ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ከልብስ የሚረግፍ ክርና ብናኝ ነው። በየቀኑ ከሚያልፈው ሰው ልብስ፣ ፀጉርና ቆዳ የሚረግፈው ነገር በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ግራጫ ሽፋን ይሠራል፤ ለነፍሳትና ለሻጋታም ምግብ ይሆናል። በአንዳንድ የአሜሪካ ዋሻዎች በጎ ፈቃደኞች በየጊዜው ገብተው በብሩሽና በመቆንጠጫ ይለቅሙታል። ጋቢ፣ በተለይ አዲስ የሆነ፣ ጥጡ ብዙ ይረግፋል፤ ዳርቻውም እርጥብ መንገድ ላይ ይጎተታል፤ ለሚራመድ አረጋዊም እግር ላይ ይጠመጠማል። ጋቢው መኪና ውስጥ ይጠብቃቸውና ከላይ ክር የማይረግፈው ጃኬት ይልበሱ።

በተጨማሪም ከዚህ በፊት ሌላ ዋሻ የገባ ጫማ ካላችሁ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የታየ ፈንገስ የሌሊት ወፎችን በእንቅልፋቸው ወቅት እያጠቃ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ፈጅቷል፤ ከዋሻ ወደ ዋሻ በሰው ጫማና ልብስም ሊጓዝ ይችላል።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ

አመሰግናለሁ መምህር፤ ጃኬት ይሁን። ኮፍያ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ጠብታው አናት ላይ ይወርዳል።

ዜማ ወዳድ

እንዴት እስካሁን በሉሬይ ውስጥ ስላለው ኦርጋን፣ የዋሻውን ድንጋዮች እየመታ ዜማ ስለሚያሰማው መሣሪያ፣ ማንም አልጻፈም? ለእናትሽ ከሁሉ የሚልቀው እርሱ ነው። ሌላንድ ስፕሪንክል የተባለ የፔንታጎን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1954 ልጁን ይዞ ዋሻውን ሲጎበኝ፣ ስታላክታይት ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ ሰምቶ ከዚህ ድንጋይ የሙዚቃ መሣሪያ መሥራት ይቻላል ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ ዋሻውን እየዞረ ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚስማማ ስታላክታይት እየፈለገ 37 መረጠ። ቁልፉ ሲነካ በኤሌክትሪክ ገመድ የተያያዘች የጎማ መዶሻ ሩቅ ያለውን ድንጋይ ትመታዋለች። ድንጋዮቹ ከአንድ ሄክታር በሚበልጥ ስፍራ ላይ ተበታትነው ስለሚገኙ ዜማው ከአንድ አቅጣጫ አይመጣም፤ አንዱ ድምፅ ከኋላ፣ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከሩቅ ጥግ ይሰማል። ቃናው ለስላሳና ረጅም ነው። ክፍሉ ውስጥ ስትደርሱ እናትሽን ግድግዳ አጠገብ ሳይሆን መካከል ላይ አቁሚያቸው፤ ልጆቹም ዝም ይበሉ።

ተፈጥሮ ይጠበቅ

ኦርጋኑ እንደሚያስደንቅ አልክድም፤ ነገር ግን ለልጆች ሲነገር ሙሉው ታሪክ ቢነገር መልካም ነው። ከተመረጡት ስታላክታይቶች አብዛኞቹ በተፈጥሯቸው ትክክለኛውን ድምፅ ስለማይሰጡ ተሞርደው ነው የተቃኙት። መምህር ከላይ አንድ ኪዩቢክ ኢንች 120 ዓመት ይፈጃል ብለው አስረድተዋል፤ ታዲያ በሞረድ የተወገደው ድንጋይ የስንት ዘመን ሥራ ነው? ሕፃኑን አትንካ ብለን ከከለከልነው በኋላ ተሞርዶ በመዶሻ የሚመታ ድንጋይ አሳይተን እንድናጨበጭብ መጠየቃችን ለእኔ አይጣጣምም።

የሥነ ምድር መምህር

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ሥራ ልጀምር የሚል ሰው ቢመጣ እኔም ራሴ እቃወመው ነበር። የተደረገውን መመለስ ስለማይቻልና መሣሪያውም በዓለም ላይ ታዋቂ ስለሆነ፣ ልጅቷ ሁለቱንም ሰምታ የራሷን ሚዛን ብታስቀምጥ እመርጣለሁ። የ13 ዓመት ልጅ ይህን ማመዛዘን ትችላለች፤ እንዲያውም በመመለሻ መንገድ ላይ ጥሩ መወያያ ይሆናል።

ታሪክ መርማሪ

ጉብኝቱ በአስጎብኚ ይሁን ወይስ በራስ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ አስጎብኚ ይቅደም የሚል ነው፤ በሉሬይም ቢሆን በየቦታው የቆሙትን ባለሙያዎች ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። ዋሻ ከሌላ ስፍራ የሚለየው ተመልካቹ መብራት የበራበትን ብቻ ስለሚያይ ነው፤ ወደ የትኛው ጥግ ማየት እንዳለበት የሚነግረው ሰው ከሌለ ግማሹን ሳያይ ይወጣል።

ሉሬይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1878 ነው። አንድሩ ካምቤል የተባለ የቆርቆሮ ሠራተኛና ቤንተን ስቴቢንስ የተባለ ፎቶ አንሺ ከሌሎች ጋር ሆነው ኮረብታውን ሲያስሱ፣ ከአንድ ስንጥቅ የሚወጣ ቀዝቃዛ ነፋስ ሻማ ሲያጠፋባቸው ጊዜ ቆፍረው ገቡ። ያዩትን ለማንም ሳይናገሩ መሬቱን በሐራጅ ገዙት። ምስጢሩ ሲወጣ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የመሬቱን እውነተኛ ዋጋ ሰውረው ገዝተዋል ተብሎ የቨርጂኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግዢውን ሰረዘባቸው። ለልጆች ስለ ሐቀኝነት ለመንገር ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

ስለ አስጎብኚነት ካነሣን ግን ትልቋ ልጅ ልታውቀው የሚገባ ሰው ስቲቨን ቢሾፕ ነው። በኬንታኪ የሚገኘው ማሞዝ ዋሻ እስካሁን የተለካው ርዝመቱ ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ በዓለም ረጅሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ወደዚያ የመጣው ቢሾፕ በባርነት የተያዘ ገና ወጣት ጥቁር ነበር። ጌታው ጎብኚዎችን እንዲመራ አዘዘው፤ እርሱ ግን በመምራት ብቻ ሳይወሰን ማንም ሊሻገረው ያልደፈረውን መጨረሻ የለሽ ጉድጓድ የተባለውን ገደል ተሻግሮ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ስፍራ ለዓለም አስታወቀ። በውስጥ ያሉትን ወንዞችና ዓይን የሌላቸውን ዓሣዎች ያየም እርሱ ነው። ዋሻውን በቃሉ ይዞ የሣለው ካርታ ታትሞ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ነፃ በወጣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1857 ሞተ። በዚህ አገር የዋሻ አስጎብኚነት ሙያ ሲነሣ ከመጀመሪያዎቹ ስሞች መካከል የአንድ ጥቁር ሰው ስም መኖሩን ልጆቻችን በዚህ አገር ሲያድጉ ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

የባሌ ልጅ

ሁላችሁም መልካም ጽፋችኋል። ነገር ግን እማማ ወደ አገር ሲመለሱ ሶፍ ዑመርን አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ከሮቤ ተነሥቶ በጎሮ በኩል ሲወርዱ ወይብ ወንዝ ኮረብታውን በስቶ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝም በአገራችን ረጅሙ ዋሻ ነው። ሼክ ሶፍ ዑመር በጥንት ዘመን ከተከታዮቻቸው ጋር የተጠለሉበትና ያመለኩበት ስፍራ ስለሆነ እስከ ዛሬ ምእመናን ይጎበኙታል።

ከሉሬይ ጋር ሲነጻጸር ሥራው ሌላ ነው። ሉሬይን ያስጌጠው ጠብታ ነው፤ ሶፍ ዑመርን የቀረጸው ወንዝ ነው። በአዕማዱ አዳራሽ ውስጥ ሲቆሙ ውኃ ራሱ የጠረባቸው ግዙፍ ምሰሶዎች ጣሪያውን ተሸክመው ያያሉ። የኤሌክትሪክ መብራት፣ የተነጠፈ መንገድና መደገፊያ ብረት የለውም፤ የአካባቢው አስጎብኚ ባትሪ ይዞ ይመራል፤ ወንዙም በእግር ይቋረጣል። ስለዚህ በዝናብ ወቅት ፈጽሞ አይገባም፤ ለደከመ ጉልበትም አይመችም፤ እማማ በሩ ላይ ቆመው ወንዙ ሲገባ ቢያዩ ይበቃቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ቢሰፍርም የሚጎበኘው ሰው ለክብሩ የሚመጥን አይደለም። ልጆቻችን የቨርጂኒያውን አይተው ሲያደንቁ የባሌውን ስም አብረው እንዲሰሙ እሻለሁ።

እናት ከአሌክሳንድሪያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጄ ስለ ስቲቨን ቢሾፕ አነበብኩላት፤ አሁን ኬንታኪ እንሂድ ማለት ጀምራለች።

ሁለት ጉዳዮች ቀርተውኛል። ትናንት ማታ ለእናቴ ከድንጋይ ላይ ውኃ የሚንጠባጠብበት ዋሻ ልንወስድሽ ነው ስላት ፊቷ በራና «ጸበል ነው?» አለችኝ። ከዚያም ዕቃ መያዝ እንዳለብን ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ሁለተኛው ደግሞ የትንሹ የጨለማ ፍርሃት ነው። አንዳንድ ቦታ አስጎብኚዎች መብራቱን በሙሉ ያጠፋሉ ሲባል ሰምቼ ተጨነቅሁ።

የላስታ ልጅ

እኅቴ፣ እናትሽ የጠየቁት ካደጉበት እምነት የመነጨ ነው። በእኛ ዘንድ ዋሻ የጸሎት ቤት ነው፤ መናኞች ዘግተው የሚኖሩበት፣ ታቦት የሚያድርበት ነው። ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከእንጨትና ከድንጋይ ተደራርቦ ከ800 ዓመት በላይ በዋሻ ውስጥ ቆሟል፤ ውኃም ከወለሉ ሥር አለ ይባላል። ስለዚህ እናትሽ ሉሬይ ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ሊያብሱ ይችላሉ።

ይህን ዋሻው በር ላይ ሳይሆን ቤት ሳላችሁ፣ ቡና ላይ ተረጋግተሽ አስረጂያቸው። ያልተባረከ ተራ ውኃ መሆኑን፣ ከዚያ መቅዳትም ድንጋዩን መንካትም እንደማይፈቀድ ንገሪያቸው። በልባቸው ቢጸልዩ፣ ቢያማትቡ የሚከለክላቸው የለም። ሉሬይ ውስጥ አንድ ኩሬ ደግሞ አለ፤ ጎብኚዎች ሳንቲም እየጣሉ ምኞት ይመኙበታል፤ ታችኛው ክፍል በሳንቲም ተሸፍኖ ይታያል። ይህ ለእናትሽ ባዕድ አምልኮ መስሎ ሊከብዳቸው ይችላል። ሳንቲሙ ግን ተለቅሞ ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ ነውና እንደ ምጽዋት ቢቆጥሩት ይቀላቸዋል፤ ካልፈለጉም ማለፍ ነው።

የሸለቆው ሾፌር

የጨለማውን ጉዳይ እኔ ልመልስ። መብራት አጥፍቶ ፍጹም ጨለማን ማሳየት በአስጎብኚ በሚመሩ ጉብኝቶች ላይ የተለመደ ነው፤ የሚቆየውም ለጥቂት ሰኮንድ ነው። በየትኛውም ዋሻ ስትገቡ ለአስጎብኚው ሕፃኑ ጨለማ እንደሚፈራ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ከማጥፋቱ በፊት ያስጠነቅቃችኋል። ትንሽ ባትሪ በአንገቱ አንጠልጥይለት፤ ራሱ አብርቶ ራሱ የሚያጠፋው መሆኑ ድፍረት ይሰጠዋል። ሰው ዓይን ላይ እንዳያበራ ግን አስጠንቅቂው። ውስጡ በመብራት የተሞላ ስለሆነ ከሚያስበው ያነሰ ጨለማ ነው የሚጠብቀው።

እናት ከአሌክሳንድሪያ

በጣም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ሉሬይ እንዲሆን ወስነናል፤ የምንሄደውም መምህራን ስብሰባ ኖሯቸው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት የሥራ ቀን ነው። ባለቤቴ በዚያው ስካይላይን ድራይቭን፣ ማለትም በተራራው አናት ላይ የሚያልፈውን መንገድ፣ እንንዳ፣ ቅጠሉ ቀለም የሚለውጥበት ወቅት ነው ይላል። በአንድ ቀን ሁለቱን ማድረግ ይቻላል?

የሸለቆው ሾፌር

ይቻላል፤ ግን ዋሻውን አስቀድሙ፣ ተራራውንም በጥቂቱ ቅመሱት። ከአሌክሳንድሪያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከወጣችሁ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ትደርሳላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ሰዉ ስለሚያንስ እናትሽ ከኋላቸው ማንም ሳይገፋቸው ይሄዳሉ። ከአምስት ሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ስለሚመጡ ውስጡ በጩኸት ይሞላል። ስትወጡ በቲኬቱ ውስጥ የተካተተው የድሮ መኪናዎችና ሠረገላዎች ሙዚየም እዚያው ግቢ ውስጥ ስላለ፣ እናትሽ ተቀምጠው እያረፉ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ማየት ይችላሉ።

ምሳ ከቤት ያዙ፤ ወደ ዋሻው ምግብ አይገባም፣ ውጭ ግን መቀመጫ አለ። ከዚያ በመንገድ ቁጥር 211 ወደ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወጡ ቶርንተን ጋፕ የሚባለው የስካይላይን ድራይቭ መግቢያ ይገኛል። ክፍያው በመኪና ነው። ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን መመልከቻ አይታችሁ ተመለሱ፤ ሙሉውን መንገድ ለመንዳት ከተነሣችሁ በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ ስለማይፈቀድ ይመሽባችኋል። ተራራው አናት ላይ ከዋሻው የባሰ ብርድ ሊኖር ስለሚችል፣ መኪና ውስጥ የተዋችሁት ጋቢ ለእማማ የሚያስፈልጋቸው እዚያ ነው።